ማኅሌተ ጽጌ በሲ.ኤም.ሲ፤ ስለ ዜማ፣ ስለ አቋቋምና ስለ ድምፅ ማጉያ የቀረበ ሐተታ

በሀገራችን በኢትዮጵያ ስለ ቅዱስ ያሬድ ዜማ የሚጻፈው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ በምስጋና ይጀምርና በምስጋና ያልቃል። ምስጋናው የሚገባ መሆኑን እኛም አንክድም። ነገር ግን ዜማ በሰው አፍ የሚባል፣ በሰው እግር የሚረገጥ ሥራ እንደ መሆኑ መጠን፣ በአንድ ሌሊት አምሮ በሌላው ሌሊት ሊደክም ይችላልና እንደ ማናቸውም የጥበብ ሥራ ሊመዘን ይገባዋል እንላለን። ሊቃውንቱ ራሳቸው ሲመዝኑት ይኖራሉ። ማኅሌት ከተፈጸመ በኋላ በደጀ ሰላም ጠበል ጠዲቅ ሲቀመስ አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው፣ «የእገሌ ጉሮሮ መልካም ነው፤ ዜማው ግን ከቤቱ ወጥቷል» ሲሉ ይሰማቸዋል። ስለዚህ ዜማን መተቸት ከውጭ የመጣ ልማድ አይደለም። በጽሑፍ አልወጣ እንደ ሆነ ነው እንጂ ከጥንት የነበረ ነው።

እኛ አራት ተማሪዎች ነን፤ አራታችንም የምንኖረው በሲ.ኤም.ሲ አካባቢ ነው። ባለፈው ዘመነ ጽጌ፣ ይኸውም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው ጊዜ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሌሊቱን በአንድ የሰፈራችን ደብር እየቆምን ማኅሌተ ጽጌን ተከታተልን። አንዱን ቅዳሜ ግን ወደ እንጦጦ ኮረብታ ወጥተን በዚያ ካሉት አድባራት በአንዱ አደርን። የሁለቱንም ደብር ስም አልጠቀስንም። ሐሳባችን ስለ ዜማው ለመነጋገር እንጂ አገልጋዮችን ለማሳጣት አይደለምና። ደግሞም የምንነቅፈው ነገር በአንድ ደብር ብቻ የሚገኝ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ባልተነሣን ነበር።

ስለ ሰፈሩ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ሲ.ኤም.ሲ የሚለው ስም በደርግ ዘመን በዚያ ሜዳ ላይ የመኖሪያ ቤቶች ከሠራ የጣሊያን ሥራ ተቋራጭ ድርጅት ስም የመጀመሪያ ፊደላት የመጣ ነው። እንግዲህ ሰፈሩ ስሙንም ሰውንም ያገኘው በቅርቡ ነው። ከዚያ ወዲህ ቪላው፣ ፎቁና የጋራ መኖሪያ ቤቱ እስከ አያት ድረስ ተዘርግቷል፤ በ2008 ዓ.ም. መስከረም ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡርም በመካከሉ አልፏል። ከበስተጀርባው ግን የየካ ተራራ ከዓለት ከተፈለፈለው ከዋሻ ሚካኤል ጋር ቆሟል። ከዚያም ምዕራብ አጤ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የደፉባት እንጦጦ ማርያም ትገኛለች። ዜማው በኮረብታው የቆየ ባለቤት፣ በሜዳው ደግሞ አዲስ ተከራይ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። በሜዳው የሚቆሙት ደብተራዎች አንዱ ከጎጃም፣ ሌላው ከጎንደር፣ ሦስተኛው ከወሎ የመጡ ናቸው። ሁሉም የተማሩበትን ቤት ልማድ ይዘው ስለ መጡ በአንድ ቅኔ ማሕሌት ውስጥ ሦስትና አራት ልማድ ይገናኛል። ከመካከላቸው አንዱ ቀን በጥበቃ ሥራ የሚተዳደር፣ ሌሊት ድጓ የሚመራ ሊቅ ነው። ይህን የምንጽፈው ሰውን ለማሳዘን ሳይሆን፣ ዜማው ለምን እንደሚያጥር ስንናገር ድካምም አንድ ምክንያት መሆኑ እንዳይረሳ ነው።

በኮሌጃችን ካሉት አንባቢዎች ብዙዎቹ ማኅሌት የሰሙ ናቸው፤ ከነዚህም መካከል በእንቅልፍ ልባቸው ብቻ የሰሙት አይጠፉም። ስለዚህ የሥራውን አኳኋን በአጭሩ እናስታውሳለን። ማኅሌተ ጽጌ አባ ጽጌ ድንግል እንደ ደረሰው የሚነገር፣ እመቤታችንንና ልጇን በአበባ እየመሰለ የሚያመሰግን የግዕዝ ድርሰት ነው። እያንዳንዱ ክፍል አምስት ስንኝ አለው፤ ስንኞቹም ቤት ይመታሉ። ከእርሱ ጋር የስደቷን ኀዘን የሚናገረው ሰቆቃወ ድንግል ይባላል፤ ከየክፍሉም በኋላ ከድጓው የተውጣጣ ዚቅ ይከተላል። ደብተራዎቹ በግራና በቀኝ ተከፍለው ይቆማሉ። አንደኛው ወገን ሲመራ ሁለተኛው ይቀበላል።

ቃሉ በመጀመሪያ ያለ ከበሮና ያለ ጸናጽል በድምፅ ብቻ ይባላል፤ ይህ ቁም ዜማ ነው። ቀጥሎ መቋሚያው ከብብት ይወጣና ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች እየተመላለሰ ዜማውን ይከተላል፤ ይህም ዝማሜ ነው። ከዚያ በኋላ ጸናጽሉና ከበሮው ገብተው መረግድ ይሆናል፤ መረግዱም ንኡስና ዐቢይ ተብሎ ይለያል። ጽፋት ሲደርስ ምቱ ይፋጠናል። በመጨረሻው በወረቡ ከበሮው ከመሬት ተነሥቶ በአንገት ይንጠለጠላል፤ መቺውም ከዜማው ጋር እየተወዛወዘ ይዞራል፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ ሴቶቹም እልል ይላሉ። እያንዳንዱ ቃል በእነዚህ ደረጃዎች ሁሉ ያልፋል ማለት አይደለም፤ ለየትኛው ቃል የትኛው እንደሚገባ መወሰን የመሪው ዕውቀት ነው። ነገር ግን የአካሄዱ ሕግ አንድ ነው፤ ከድምፅ ወደ እንጨት፣ ከእንጨት ወደ ብረትና ቆዳ፣ ከዚያም ወደ ሰው አካል ይሻገራል።

በእኛ አስተያየት የዚህ ጥበብ ዋና ኃይሉ መዘግየቱ ነው። የወረቡ ደስታ የሚመጣው ጆሮ አስቀድሞ ለረጅም ጊዜ ባዶውን ድምፅ ሰምቶ ከቆየ ብቻ ነው። ሰሚው ቃሉን በቁም ዜማ ሲሰማ ቃልነቱን ያገኛል፤ በዝማሜ ልኩን ያገኛል፤ በወረብ ደግሞ ያወቀውን ቃል እንደ ገና እንደ አዲስ ነገር ይቀበለዋል። እንግዲህ የፊተኛው ደረጃ ከተዘለለ የኋለኛው ጭብጨባ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ይህን ሚዛን ይዘን ነው ወደ ሰፈራችን ደብር የሄድነው።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ገደማ ደረስን። በቅኔ ማሕሌቱ ውስጥ አሥራ አንድ ሰዎች ነበሩ፤ አምስቱ በግራ፣ ስድስቱ በቀኝ። ማይክሮፎን አንድ ብቻ ነበረ፤ እርሱም በመሪጌታው እጅ ነው። በደጁ አናት ላይ አራት ድምፅ ማጉያዎች አፋቸውን ወደ አራቱ ማዕዘን አዙረው ተሰቅለዋል። በዚህ ዓይነት ከቅጥሩ ውጭ ላለ ሰው ማኅሌቱ የአንድ ሰው ዜማ ነው። ግራው ይመራል፤ ቀኙ ሲቀበል ግን ውጭ ያለው ሰው የሚሰማው ጸጥታን፣ የመሪጌታውን ሳልና የልብሱን ኮሽታ ነው። እኛ ይህን ያወቅነው በተራ አንድ አንዳችን ወደ ውጭ እየወጣን እስከ አስፋልቱ ድረስ በመሄድ ስለ ሰማን ነው። የማኅሌት አጥንቱ መቀባበል ነው ካልን ድምፅ ማጉያው ለሰፈሩ የሚሰጠው ግማሹን አጥንት ነው።

ወደ ውስጥ ስንመለስ ደግሞ ሌላ ነገር አስተዋልን። የተጋነነው ድምፅ ከግድግዳው እየተመለሰ ስለሚመጣ የቀኝ ወገን ሰዎች ጎረቤታቸውን መስማት አልቻሉም። ስለዚህ እያንዳንዱ ዓይኑን በመሪጌታው ላይ ተክሎ እርሱን ብቻ ይከተላል። መሪጌታው ቢፈጥን ይፈጥናሉ፤ ቢያሳጥር ያሳጥራሉ። ጸናጽሉን በተመለከተ፣ አሥር እጆች ሲያንቀሳቅሱት በዓይናችን እያየን በጆሯችን አልሰማነውም ብንል ማጋነን አይደለም። ሁለተኛ ማይክሮፎን ከከበሮው አጠገብ ከተቀመጠ በኋላማ ነገሩ ሁሉ ከበሮ ሆነ። ከበሮ ሲገን ዘገምተኛው ምት ለሰሚ አሰልቺ ይመስላል፤ ፈጣኑ ግን ደስ ያሰኛል። ስለዚህ ከቁም ዜማ በቀጥታ ወደ ወረብ የመዝለል ፈተና ይመጣል፤ በዚያ ሌሊትም ሲመጣ አየን። አንዱን የጽጌ ክፍል ከመጀመሪያው ቃል እስከ ወረቡ ፍጻሜ በሰዓት ለክተን ሰባት ደቂቃ ሆኖ አገኘነው። ዝማሜው ከአንድ ደቂቃ አልበለጠም፤ ንኡስ መረግዱም ከነጭራሹ አልነበረም።

ደካማ ነበር ብለን ግን አንደመድምም። የመሪጌታው ድምፅ እጅግ ያማረ ነው፤ በተለይም በዚቁ ላይ ርክርኩን ሲያወርደው ከመካከላችን የሙዚቃ ትምህርት የቀመሰው ጓደኛችን እርሳሱን አስቀምጦ ዝም ብሎ ሰማ። ሰቆቃወ ድንግሉ ሲባል ከበሮው ዝም ስላለ ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ከኋላችን ቆመው የነበሩ ሴቶች ሲያለቅሱ ሰማን። ችግሩ የዕውቀት ማነስ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ተረዳን።

በሦስተኛው ቅዳሜ ወደ እንጦጦ ወጣን። ብርዱን አንባቢ ያውቀዋል። በዚያ ደብር የቆሙት ሰባት ብቻ ነበሩ፤ ከሰባቱም ሦስቱ በዕድሜ የገፉ ሽማግሌዎች ናቸው። ድምፅ ማጉያ ቢኖርም በዚያ ሌሊት አልተከፈተም፤ ምክንያቱን አልጠየቅንም። ተመሳሳዩ የጽጌ ክፍል ሃያ ሁለት ደቂቃ ፈጀ። ከአሮጌዎቹ የአንደኛው ድምፅ እየተሰነጠቀ ነበር፤ አንድ ጊዜም ቃል ጠፋበት። ይሁን እንጂ ቃሉ ሲጠፋበት ከማዶ ያለው ወገን በዝግታ አንሥቶ ሰጠው፤ እርሱም ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ተቀበለና ቀጠለ። ይህን የመሰለ ነገር በሰፈራችን ደብር ሊሆን አይችልም፤ ማዶው አይሰማምና። በዝማሜው ጊዜ ሰባቱ መቋሚያዎች አንድ ላይ ሲነሡና ሲወርዱ የልብሳቸው ሹክሹክታ ሳይቀር ይሰማ ነበር። ጸናጽሉ የገባው እኛ ይገባል ብለን ከጠበቅንበት ጊዜ በጣም ዘግይቶ ነው፤ በገባም ጊዜ ከመካከላችን አንዷ ሳታስበው «አቤት!» አለች።

ነገር ግን በዚያ ሌሊት ለመስማት የመጣው ሕዝብ ከእኛ ጋር አሥራ አምስት ቢሞላ ነው። በሲ.ኤም.ሲ ግን ነጭ ነጠላ የለበሰው ሰው ቅጥሩን ሞልቶ እስከ በሩ ይደርስ ነበር፤ አብዛኛውም ወጣት ነው። ይህን አለመጻፍ አድልዎ ይሆንብናል።

እዚህ ላይ በተማሪዎች መካከል የሚሰማ አንድ ክርክር ልናነሣ እንወዳለን። አንዳንዶች፣ «ዜማው ከቅዱስ ያሬድ ጀምሮ ሳይለወጥ የመጣ ነውና ማይክሮፎን አይለውጠውም» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ፣ «ሊጠፋ ነውና በአውሮፓ ኖታ ጽፈን እናድነው» ይላሉ። ሁለቱም በእኛ ዘንድ የተሳሳቱ ናቸው፤ ስሕተታቸውም ከአንድ ሥር የበቀለ ነው።

የፊተኞቹን እንመልከት። በትውፊታችን ቅዱስ ያሬድ በስድስተኛው መቶ ዓመት በአክሱም፣ በንጉሥ ገብረ መስቀል ዘመን፣ ግዕዝን፣ ዕዝልንና አራራይን እንደ ደረሰ እናውቃለን። ነገር ግን በድጓው ፊደላት አናት ላይ የምናየው ምልክት በአጤ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ይኸውም በአውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1540 እስከ 1559 ባለው ጊዜ፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደ ተሠራ ያው ትውፊት ራሱ ይነግረናል። እንግዲህ ከአንድ ሺህ ዓመት ያላነሰው መንገድ በቃል ብቻ የተሄደ ነው። ከዚያም በኋላ ዜማው በአንድ መንገድ አልሄደም፤ የቤተልሔም፣ የቆማ፣ የአጫብር እየተባለ በቤት ተከፋፈለ፤ አቋቋሙም እንደዚሁ የጎንደርና የተክሌ እየተባለ ተለየ። ኬይ ካውፍማን ሸለመይና ፒተር ጀፈሪ የተባሉት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በአውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1993 እስከ 1997 በሦስት ቅጽ ባሳተሙት ሥራ የዛሬውን መሪጌታ ድምፅ ከጥንት የብራና መጻሕፍት ጋር አስተያይተዋል፤ ከሥራውም የሚታየው ጽኑ መሠረትና የማያቋርጥ ለውጥ አንድ ላይ መኖራቸው ነው። ስለዚህ «አይለወጥም» ማለት ለዜማው ክብር የተሰጠ ቢመስልም፣ ዘመን ሁሉ ለጠበቁት ሰዎች ድካም ግን ዋጋ አይሰጥም። ዜማው የቆየው እንደ ድንጋይ በራሱ ስለ ቆመ አይደለም፤ በየትውልዱ አንድ የኔታ አንድን ልጅ «ተሳስተሃል፤ መልሰህ በለው» ስላለው ነው።

ወደ ሁለተኞቹ እንለፍ። ጓደኛችን የእንጦጦውን ሌሊት በስልክ ከቀዳን በኋላ አንዱን ስንኝ በአምስት መስመር ኖታ ላይ ሊያሰፍረው ሞከረ። ሁለት ሳምንት ፈጀበት። በመጨረሻ በፒያኖ ሲመታልን ሁላችንም ሳቅን፤ እርሱም ሳቀ። ድምፁ ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው የሚሸጋገረው እየተንሸራተተ፣ እየተንቀጠቀጠና እየተሰበረ ሲሆን ፒያኖው ግን የሚያውቀው ደረጃውን ብቻ ነው። በዚህ ነገር የተቸገርነው የመጀመሪያዎቹ እኛ አይደለንም። ቪዮቶ የተባለው ፈረንሳዊ ከናፖሊዮን ዘመቻ ጋር ወደ ግብፅ ሄዶ ሳለ ካይሮ ከነበሩ ኢትዮጵያውያን ካህናት ዜማና ምልክት ጠይቆ ለመጻፍ ሞክሮ ነበር።

የሀገራችን ምልክት የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ የሚባሉት የድምፁን አኳኋን ያመለክታሉ። ከቃሉ በላይ የሚጻፉት ጥቃቅን ፊደላት ደግሞ በመቶ የሚቈጠሩ ሲሆኑ፣ እያንዳንዳቸው ተማሪው አስቀድሞ በቃሉ የያዘውን አንድ የታወቀ የዜማ ሐረግ በጥቂት ፊደል ያስታውሳሉ። ይህ ማለት ምልክቱ የሚያነብበው ሰው አስቀድሞ ዜማውን ማወቅ አለበት ማለት ነው። ላላወቀ ሰው ምልክቱ ዝም ይላል። አውሮፓውያንም በጊዶ ዘአሬዞ መስመር ላይ ኖታቸውን ከማስፈራቸው በፊት የነበራቸው ምልክት እንደዚሁ የማስታወሻ ምልክት ነበረ። በኋላ ዜማው ተድበስብሶባቸው ስለ ነበረ፣ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የሶሌም መነኮሳት የድሮ መጻሕፍትን እያገላበጡ መልሰው ለማቋቋም ብዙ ደከሙ። እነርሱ ከብራና ፈልገው ያወጡትን እኛ ገና ከሕያው ሰው አፍ ልንቀበለው እንችላለን። የዛሬ ሠላሳ ዓመት እንችል እንደ ሆነ ግን የሚወሰነው በኖታ ሳይሆን ዛሬ ማን ከማን አጠገብ ቆሞ እንደሚሰማ ነው።

ከላይ የሁለቱ ስሕተት ሥሩ አንድ ነው ያልነውም ስለዚህ ነው። አንደኛው ዜማው በሰማይ፣ ሁለተኛው በወረቀት የሚኖር ይመስለዋል። የእኛ አሳብ ግን ዜማው የሚኖረው በግራና በቀኝ መካከል ባለው አምስት ክንድ በማይሞላ ባዶ ቦታ ነው የሚል ነው። ድምፅ ማጉያውን የምንከሰውም አዲስ ስለ ሆነ ሳይሆን ያን ቦታ ስለ ሞላው ነው። ከበሮውም ቢሆን አንድ ቀን አዲስ እንግዳ እንደ ነበረ አንጠራጠርም፤ ነገር ግን ከበሮው ወረፋውን መጠበቅ ተምሯል።

ይህን ሁሉ ይዘን ወደ ሰፈራችን ደብር መሪጌታ ዘንድ ሄድን። ብዙ እንደሚቈጡን ጠብቀን ነበር፤ እርሳቸው ግን ወንበር አስመጡልን።

«የኔታ፣ ንኡስ መረግዱን ለምን ተዉት?» አልናቸው።

«አልተውኩትም፤ ሰዉ ተወው» አሉን። «እኔ ድጓ ስማር አሥር ዓመት ፈጅቶብኛል። በእንተ ስማ ለማርያም እያልኩ፣ ውሻ እየነከሰኝ። ያን ጊዜ ንኡስ መረግድ ሲመጣ ሁላችንም የት እንደሚወስደን እናውቃለን። አሁን ከጎኔ ከሚቆሙት ውስጥ አራቱ ወረቡን ከስልክ ነው ያጠኑት። ወረቡን ያውቁታል፤ እሱን የሚያደርሰውን መንገድ ግን አያውቁትም። ማይክሮፎኑን ለእነሱ ብሰጥ ይሳሳታሉ፤ ሰፈሩም ይሰማል፤ ያፍራሉም። እኔ ስይዘው ስሕተታቸው ይሸፈናል።»

ይህ መልስ አሳባችንን በጣም ነካው። ድምፅ ማጉያው የመቀባበሉ ጠላት ነው ስንል፣ እርሳቸው ግን የተማሪዎቻቸው መሸፈኛ አድርገው ይዘውታል። እኛም ከእንጦጦው ሽማግሌ ጋር አመዛዘንነው። እርሱ ስሕተቱ ተሰምቶበት ከማዶ ተደገፈ፤ እነዚህ ግን ስሕተታቸው ስለማይሰማ የሚያርማቸውም የለም። ይህን ለየኔታ በጥንቃቄ ነገርናቸው። ለጊዜው ዝም አሉ፤ ቀጥለውም «ለጆሮ የሚሸፈን ለነፍስ ይገለጣል፤ እንግዲህ እናንተም መጻፍ ጀምራችኋል» ብለው ፈገግ አሉ። መውቀሳቸው ይሁን ማመስገናቸው እስከ ዛሬ እንከራከርበታለን።

በአራተኛው ቅዳሜ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን መብራት ጠፋ። ሰፈሩ ሁሉ ጨለመ፤ ድምፅ ማጉያውም በቃሉ መካከል ተቈረጠ። ለጥቂት ጊዜ ማኅሌቱ ተደናገረ፤ ሁለት ወጣቶች በአንድ ጊዜ ጀመሩና በአንድ ጊዜ አቆሙ። በኋላ ጧፍ በራ። የኔታ ማይክሮፎኑን ወለል ላይ አስቀምጠው ወደ ግራው ረድፍ ገቡና ቃሉን ከመጀመሪያው አነሡት። ቀኙ ሲቀበል ድምፁ ቀጭንና ፈራ ተባ የሚል ነበር፤ አንዱም ተሳሳተ፣ የኔታም ከማዶ በጉሮሮአቸው ብቻ «እም» ብለው መለሱት። ዝማሜው አራት ደቂቃ ያህል ቆየ። ጸናጽሉን በዚያ ደብር ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማነው በዚያ ሌሊት ነው። ንኡስ መረግዱ ግን አሁንም አልመጣም፤ ተአምር አልነበረም። ዐሥር ሰዓት ሲሆን መብራቱ ተመለሰ፤ አንድ ዲያቆንም ሮጦ ማይክሮፎኑን አነሣው።

በማግሥቱ ባየነው ላይ ተመሥርተን ለየኔታ አንድ አሳብ አቀረብን። ቁም ዜማውና ዝማሜው ያለ ድምፅ ማጉያ ይባል፤ ማጉያው የሚከፈተው ወረቡ ሲገባ ብቻ ይሁን፤ ማይክሮፎኑም ከመሪጌታው እጅ ወጥቶ በሁለቱ ረድፎች መካከል ከፍ ብሎ ይሰቀል አልን። ይህ ከሆነ የማኅሌቱ የገዛ ሕግ፣ ይኸውም ከትንሽ ወደ ትልቅ መሄዱ፣ በማጉያውም ይጠበቃል። እንዲሁም በሌሊት ለሚያርፈው ጎረቤት፣ ለሕመምተኛውና ሃይማኖቱ ሌላ ለሆነው ሰው ጥቂት ዕረፍት ይሆናል። የኔታ ከሰበካ ጉባኤው ጋር ተነጋገሩ። ለአንድ ቅዳሜ፣ ለመጨረሻው ብቻ፣ ተፈቀደ።

የዚያ ሌሊት ሥራ ከቀደሙት ሁሉ የተሻለ ነበር። ያንኑ የጽጌ ክፍል ዐሥራ አራት ደቂቃ ቆሙበት፤ ከአራቱ ወጣቶች ሁለቱ ደግሞ ሳይፈሩ መሩ። እኛም ሐተታችን በዚህ ተፈጸመ ብለን ነበር።

ይሁን እንጂ ሰኞ ዕለት ከመካከላችን አንዷ ወደ ትምህርት ቤት ስትወጣ በአጥራቸው ጥግ ፀሐይ ይሞቁ የነበሩ አንዲት አሮጊት ጠሯት። እኒህ እናት እግራቸው ከታሰረ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ከቤተ ክርስቲያኑም የሚለያቸው አንድ አስፋልት ብቻ ነው።

«ልጄ፣» አሏት፣ «እናንተ ናችሁ አሉ ለየኔታ የነገራችኋቸው።»

«አዎ እማማ፣ ዜማው እንዲያምር ብለን ነው።»

«አምሮ ይሆናል። እኔ ምኑን ሰምቼው። ቅዳሜ ማታ ነጠላዬን ለብሼ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ፤ መቋሚያዬንም ያዝኩ። እስከ ዐሥር ሰዓት ድረስ ዝም አላችሁ። ጽጌ ቀረ እንዴ ብዬ ስንት ነገር አሰብኩ። በኋላ ከበሮው መጣ። ቃሉ የታለ? ቃሉን ለማን አላችሁት?»

ልጅቷ መልስ አልነበራትም። ማታ ተሰብስበን ይህን ስትነግረን እኛም አላገኘንለትም።